አጋም በሐዋሳ ግቢ፦ ከዘር እስከ ፍሬ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመኘው ተክል አንድ ዓይነት ነው። ከወገብ ብዙም የማይበልጥ፣ በጋም ክረምትም ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ሲያብብ ግቢውን የሚያውድ፣ በመጨረሻም ፍሬ የሚያንጠለጥል ቁጥቋጦ። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው ግን የሌላ አገር ፎቶ ነው። ሆሊ አለ፣ ስኪሚያ አለ፤ ቀይ ፍሬያቸው በበረዶ መሃል ቦግ ያለ። ያምራሉ፣ አይካድም። ነገር ግን ስኪሚያ የጃፓንና የቻይና ተራራ ልጅ ነው። ጥላና ኮምጣጣ አፈር ይፈልጋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ስለሆኑ አንዱ ከሌለ ፍሬ የለም። የእኛ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቅጠሉን ያሳርረዋል።

እኛ ጋ አጋም አለ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ጃስሚንን ያስታውሳል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ ደግሞ ይበላል። ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል። 1700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐዋሳ ለእሱ ቤቱ ናት። ታዲያ ለምን ግቢያችን ውስጥ አናየውም? አንዱ ምክንያት ስሙ ከእሾህ ጋር መያያዙ ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እየተባለ ያደገ ሰው ደጁ ላይ ሊተክለው አይደፍርም። ሌላው ምክንያት የአገራችን የአጥር አከራከም ነው። ቁጥቋጦ ያየ ሁሉ መቀስ ይዞ እንደ ሳጥን ይከረክመዋል። አጋም እንደዚያ ከተከረከመ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፍሬ የማየትና ያለማየት ጉዳይ ከማዳበሪያም ከውሃም በላይ በመቀሱ ይወሰናል። ወደዚያ በሰፊው እመጣለሁ።

አስቀድማችሁ ለዩት

ይህን ክፍል አትዝለሉት፣ የጤና ጉዳይ ነው።

በእጽዋት ሳይንስ ስሙ ካሪሳ ስፒናረም ነው። ቀደም ባሉ መጻሕፍት ካሪሳ ኤዱሊስ ተብሎም ይገኛል። በኦሮምኛ ሀጋምሳ ይባላል፤ በሻሸመኔ በኩል ችግኝ የምትጠይቁ ከሆነ ይህ ስም ይጠቅማችኋል።

አንድ ቅርንጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይወጣሉ። ወፈርና ጠንከር ያሉ፣ ጫፋቸው ሾል ያለ ነው። ከቅጠሎቹ ሥር ቀጥ ያለ ረጅም እሾህ አለ። ቅጠሉን ብትቀነጥሱት እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። አበባው አምስት ቅጠል ያለው ሲሆን ውስጡ ነጭ፣ ጀርባውና አንገቱ ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ነው። ፍሬው ክብ ነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ አብሮ ማየት የተለመደ ነው። ውበቱም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ አደገኛው። መረንዝ የሚባል የአጋም ዘመድ አለ። ቤተሰባቸው አንድ ነው። መረንዝም ቅጠሉ አይረግፍም፣ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ያብረቀርቃል። አበባው ነጭና ሮዝ ነው፣ ይሸታል። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ነገር ግን ብርቱ መርዝ ነው። ከጥንት ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡት ከእሱ ያወጡትን ነው፤ መርዙ ልብን ያቆማል። ዋናው መለያ እሾህ ነው። አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። የመረንዝ ቅጠልና ፍሬም ከአጋም ተለቅ ይላል። ስለዚህ «እሾህ የሌለው ምርጥ አጋም ነው» ብሎ ችግኝ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አትውሰዱ። በጣም ትንሽ የአጋም ችግኝ እሾሁ ገና ላይታይ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ከማታምኑት ሰው አትግዙ። እናት ተክሉን በዓይናችሁ ካያችሁት ግን ችግር የለም።

ሌሎች ሁለት ተክሎችም አሉ። አንደኛው የደቡብ አፍሪካው ካሪሳ ነው። አንዳንድ የጌጥ ችግኝ ሻጮች ጋ ይገኛል። እሾሁ ጫፉ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ፍሬው ደግሞ ከአጋም በብዙ ይተልቃል። እሱም የሚበላ ነው፤ አያያዙም ከዚህ በታች ካለው ብዙ አይለይም። ሁለተኛው የወፍ ቆሎ ነው። እሱን አትትከሉ። ጥሬ ፍሬው መርዛማ ነው፣ ወፎች ዘሩን ይበትኑታል፣ የግጦሽ መሬትን የሚወር መጤ አረም ነው። በብዙ ግቢ በአጥርነት የሚተከለው ዱራንታም ቢጫ ፍሬው ለልጆች መርዝ መሆኑን እወቁ።

ቦታው

አጋም ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ስጡት። ጥላ ሥር አይሞትም፤ ግን ቅርንጫፉ እየረዘመ ይሳሳል፣ አበባም ይቀንሳል። ማንጎ ወይም አቮካዶ ሥር የተተከለ አጋም ቀጫጫ ሆኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ጎን ሲያዘነብል ታያላችሁ።

እሾሁን አትርሱ። ከመተላለፊያ መንገድ፣ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት፣ መኪና ከሚዞርበት ቦታ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር መትከልም አይመከርም። በአንጻሩ እሾሁን ለጥቅም ማዋል ይቻላል። በመስኮት ሥርና በአጥር ጥግ ከተተከለ ድመት አያሳልፍም፣ ሌባም ደፍሮ አይረግጠውም። ገጠር የአጋም አጥር ከብት የሚያግደው በዚሁ ነው።

ከሐይቁ አቅራቢያ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ነገር ማየት አለባችሁ። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በክረምት ውሃ ከሥር ከፍ ይላል። አጋም ድርቅን ይችላል፤ ድንጋያማ መሬትም ይችላል። የማይችለው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ መክረም ነው። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመጠጠ ቦታው ጥሩ ነው። እስከ ማግስቱ ድረስ ከተኛ ግን አፈሩን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉና ቁልሉ ላይ ትከሉ።

ስንት ይተከል? ለጌጥ ብቻውን የሚቆም ከሆነ በመካከላቸው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር። ለአጥር ከሆነ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር። ቦታ እስካለ ድረስ አንድ ብቻ አትትከሉ። ከተለያየ እናት የመጡ ሁለት ሦስት ተክሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ንቦችና የእሳት ራቶች የአበባ ዱቄት ያቀያይራሉ፤ ፍሬውም የተሻለ ይይዛል።

ችግኙን ማግኘት

ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሸጠው ችግኝ ባብዛኛው ጽጌረዳ፣ ዱራንታ፣ ፓልምና ፍራፍሬ ነው። አጋም ሲጠየቅ ሻጩ ሊገረም ይችላል። ወንዶ ገነት በኩል የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ የሚያፈሉ ጣቢያዎችን ጠይቁ። የአረንጓዴ አሻራ ሰሞን አገር በቀል ችግኝ ሲዘጋጅ አስቀድሞ ማዘዝም ይቻላል። ካልሆነ ራሳችሁ አፍሉት። ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

ከዘር ለማፍላት ሙሉ በሙሉ የጠቆረና ሲነካ የሚለሰልስ ፍሬ ሰብስቡ። ቀዩን ተዉት፣ ዘሩ ገና ነው። ፍሬውን ሳህን ውሃ ውስጥ በጣት እየጨመቃችሁ ሥጋውን አስለቅቁ። አንድ ፍሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ጠፍጣፋ ዘር ይገኛል። ያ ነጭ ወተት ስላለ ዘሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አንድ እፍኝ ንጹሕ አሸዋ ጨምራችሁ እሹት፤ ከዚያ እጠቡት። ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ጣሉ፣ የሰመጠውን ያዙ። ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አንድ ቀን ይጠንፍፍ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ዝሩት። ትኩስ ዘር ከከረመ ዘር በጣም ይሻላል።

ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ ይበቃል። አፈሩ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይሁን። የሐዋሳ አፈር ባብዛኛው ቀላልና አሸዋማ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ስትቆፍሩ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሌላ ቦታ እንደሚደረገው ተጨማሪ አሸዋ መቀላቀል አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አፈራችሁ የሚጣበቅ ጥቁር ከሆነ ብቻ አንድ እጅ አሸዋ ጨምሩ። በየላስቲኩ ሁለት ሁለት ዘር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡ። ላዩን በደረቅ ሣር ስስ አድርጋችሁ ሸፍኑና በማጠጫ አርከፍክፉ።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ከሦስት ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ብቅ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ከወር በላይ ይቆያል፤ «አልበቀለም» ብላችሁ ቶሎ አትድፉት። ብቅ ሲል ሣሩን አንሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በዳስ ጥላ ሥር ይቆይ፤ ቀስ በቀስ ፀሐይ አልምዱት። ደከም ያለውን አትንቀሉት፣ የጎረቤቱን ሥር ያናጋል። በመቀስ ከሥሩ ቁረጡት። የአጋም ችግኝ መጀመሪያ ላይ አዝጋሚ ነው። ዘንድሮ የተዘራው በሚቀጥለው ክረምት ለተከላ ይደርሳል ብላችሁ አስቡ።

ከዘር የወጣ ችግኝ እናቱን ላይመስል ይችላል። አንዱ ሰፋ ብሎ ያድጋል፣ ሌላው ሽቅብ ይመዘዛል። እኔ ለጌጥ የምመርጠው የቅርንጫፍ ቀበራን ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ያደገና ፍሬው የበዛ አጋም ስታገኙ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከሥሩ አቅራቢያ ያለ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ። መሬት በሚነካበት ቦታ ከታች በኩል ቅርፊቱን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ላጡ። አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ አስተኙት፤ በሽቦ መንጠቆ ወይም በድንጋይ ያዙትና አፈር አልብሱት። ጫፉ ብቻ ከውጭ ይቅር። ክረምቱ መግቢያ ላይ ከተሠራ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል። ከሦስት ወር በኋላ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ሥር ከያዘ እምቢ ይላል። ያኔ ከእናቱ ጋር የሚያገናኘውን ቁረጡ። ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆይና አንሱት።

ቆርጦ መትከል ብዙ ጊዜ አይሳካም። በደቡብ አፍሪካው ካሪሳ ላይ የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ፤ በአጋምም መሞከር ይቻላል። የለጋ ቅርንጫፍ ጫፍ ውፍረቱ እኩሌታ ድረስ ይቆረጥና እንደተንጠለጠለ ሁለት ወር ይተዋል። ቁስሉ ይደድራል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲተከል በአንድ ወር ገደማ ሥር ያወጣል።

ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ የበቀለ አጋም ነቅሎ ማምጣት አይመከርም። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ሲነቀል ይበጠሳል፣ አብዛኛው ይደርቃል። እሱ እዚያው ይቆይ።

ተከላ

ጊዜው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ሐዋሳ የበልግ ዝናብም ታገኛለች፤ ግን በልጉ ይቆራረጣል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ድረስ ሥሩን ለማውረድ በቂ ጊዜ ያገኛል።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመትከላችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትቆፍሩት አፈሩ አየር ያገኛል። ስትቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን አድርጉ። የላዩን አፈር ከሁለት አካፋ ኮምፖስት ጋር አደባልቁና መጀመሪያ እሱን መልሱ። ትኩስ አዛባ ግን አታስገቡ፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል።

ላስቲኩን ማውጣት ግዴታ ነው። ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ግን ከነላስቲኩ ተቀብሮ ዓመት ሙሉ ሳያድግ የቆመ ችግኝ በየቦታው አለ። በምላጭ ከጎን ቀዳችሁ አውልቁ። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ጫፉን ቁረጡት፤ አለበለዚያ እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል። ችግኙ ላስቲክ ውስጥ በነበረበት ልክ ይተከል፤ ግንዱ በአፈር አይሸፈን። አፈሩን በእግር ሳይሆን በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉ። ዙሪያውን ክብ እርከን ሥሩና አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

ቀጥሎ ጉዝጓዝ። ደረቅ ሣር፣ የቡና ገለፈት፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ያገኛችሁትን። ሲዳማ ውስጥ ሆኖ የቡና ገለፈትና የእንሰት ቅጠል ማጣት ይከብዳል። ውፍረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን ከነካ ምስጥ ይሻገራል።

የመጀመሪያው በጋ

አጋም ድርቅ ይችላል ሲባል የተተከለ ሰሞን ማለት አይደለም። ሥሩ ገና አጭር ነው፤ አሸዋማው አፈር ደግሞ ውሃ አይዝም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ሊትር ያህል አጠጡት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ የሚረጭለት ተክል ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ለሁለት ሳምንት ከቤት የወጣችሁ ቀን ይጠወልጋል።

ሁለተኛው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ያለ ምንም ይኖራል። እምቡጥና ጥሬ ፍሬ በያዘበት ጊዜ ግን ውሃ ጨምሩለት። በዚያ ሰዓት የተጠማ አጋም ፍሬውን ያራግፋል።

ማዳበሪያ አታብዙ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ አንድ ባልዲ ኮምፖስት ዙሪያውን በትኑ። ዩሪያ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ቅጠሉ ይፋፋል፣ ቅርንጫፉ ይመዘዛል፣ አበባ ግን የለም።

መቀሱ

የአጋም አበባ የሚወጣው በየቅርንጫፉ ጫፍ አካባቢ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። አጥር ከርካሚው በየወሩ መጥቶ ላዩን ቀጥ አድርጎ ሲልጠው የሚያነሳው ቅጠል ብቻ አይደለም። የሚመጣውን አበባ፣ ከአበባው በኋላ የሚመጣውን ፍሬ አብሮ ይወስደዋል። ከውጭ ንጹሕ ግድግዳ ይመስላል። ውስጡን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩት ግን ደረቅ እንጨት ነው፤ ብርሃን ስለማይገባ ቅጠል የለውም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ፣ ጊዜያቸውም ይለያያል። መጀመሪያ ቅርጽ ማስያዝ፣ በኋላ ማሳሳት።

ቅርጽ ማስያዝ የሚጀመረው ችግኙ ስንዝር ተኩል፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። የመሃሉን ጫፍ በጥፍር ወይም በመቀስ ቀንጥሱት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ስለሆኑ ከተቆረጠው በታች ካሉት ሁለት ቅጠሎች ብብት ሁለት ቀንበጥ ይወጣል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እነዚያ ሁለቱ አንድ ስንዝር ሲሞሉ እነሱንም ቀንጥሱ፤ አራት ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህን ሦስት አራት ጊዜ ከሠራችሁ ከሥሩ ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይወጣችኋል። ችላ ከተባለ ደግሞ እግሩ ባዶ፣ አናቱ የተበታተነ ይሆናል። በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ቆረጣው የት ላይ ይሁን? ከቅጠል ጥንድ በላይ፣ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሳያንስና ሳይበልጥ። ረጅም ጉቶ ከተተወ ይደርቅና በሽታ ይገባበታል።

ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ጫፍ መቀንጠስ አቁሙ። አሁን ፍሬ የሚያፈራበት ጊዜ ነው። ከዘር የወጣው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ መቀስ የሚነካው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፍሬው ካለቀ በኋላ ነው። አበባና ፍሬው ከዝናብ ጋር ስለሚሄድ፣ ዝናቡ ሲዛባም አብሮ ስለሚዛባ፣ ወር ቆጥራችሁ ሳይሆን ተክሉን አይታችሁ ሥሩ። ዘለላዎቹ ባዶ ሲሆኑ ያ ጊዜ ነው።

ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጉ። የሹራብ ጓንት አይጠቅምም፣ እሾሁ ያልፋል። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ዓይንን የሚከልል መነጽር ቢኖር ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሞተውን አውጡ። ደረቁን ቅርንጫፍ ከበቀለበት ቦታ ቁረጡት። ቀጥሎ ከሌላው ተለይተው ሽቅብ የተመዘዙትን ፈልጉ። እነዚህን አናታቸውን ብቻ አትቁረጡ፤ ተከትላችሁ ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ ግቡና ከሌሎቹ ቅርንጫፎች ሥር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። ቁስሉ ከውጭ አይታይም፣ ቁጥቋጦው ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ በተከፈተው ቦታ ብርሃን ይገባል፤ ሌሎቹ ጫፎችም ሳይነኩ ይቀራሉ። በመጨረሻ እርስ በርስ የሚፋተጉ ካሉ አንዱን አንሱ። በአንድ ዓመት ከጠቅላላው ሲሶ በላይ አታንሱ። ሥራው ካለቀ በኋላ ቁጥቋጦው እንደተቆረጠ ካልታወቀ በደንብ ሠርታችኋል።

መቀሱ በወተቱ ይጣበቃል። ዘይት በነካ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ሥሩ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ደግሞ በአልኮል ጥረጉት። የተቆረጠውን እሾህ እግር ሥር አትተዉት፤ የጎማ ጫማ ያልፋል። ጠራርጋችሁ አድርቁና አቃጥሉት፣ ወይም የጓሮ አትክልት ማጠሪያ አድርጉት። ዶሮም ፍየልም አያልፈውም።

ለዓመታት የተረሳና ጎፈሬ ያበጠ አጋም ያለው ቤት የገዛችሁ ከሆነ አትንቀሉት። ክረምት መግቢያ ላይ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ሁሉንም ቁረጡ። አጋም ከጉቶው በደንብ ያቆጠቁጣል። አንድ ሁለት ዓመት ፍሬ አይኖርም። የሚያቆጠቁጠውን ከላይ እንዳልኩት እየቀነጠሳችሁ እንደ አዲስ ቅርጽ አስይዙት።

ግቢ ለሌለው

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁም መሞከር ትችላላችሁ። በረንዳው ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ 30 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃል። ለሁለት የተቆረጠ ትልቅ ጀሪካን እንኳ ይሆናል፤ ከታች ጣት የሚያሳልፉ አራት አምስት ቀዳዳዎች ይኑሩት። በዕቃ ውስጥ ያለ አጋም በበጋ በሳምንት ሁለቴ ውሃ ይፈልጋል። ጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲሠራ ታያላችሁ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኝ ጨው ነው። ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ደጅ አውጡትና ይታጠብ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ አውጥታችሁ የዳር ሥሩን ጥቂት ቁረጡና በአዲስ አፈር መልሱት።

ተባይ

አጋም ጠንካራ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሲመጣ የሚያሳብቁት ጉንዳኖች ናቸው። ግንዱ ላይ ጉንዳን ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ ካያችሁ የቅጠሉን ጀርባና የለጋ ቀንበጡን እዩ። ክሽክሽ፣ ጥጥ መሳይ ተባይ፣ ወይም ግንድ ላይ ተለጥፋ ቡናማ ቅርፊት የምትመስል ተባይ ታገኛላችሁ። የተክሉን ፈሳሽ እየጠጡ ጣፋጭ ነገር ያወጣሉ፤ ጉንዳኑ እሱን ነው የሚፈልገው። ቅጠሉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር የሚታየውም እዚያ ጣፋጭ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው።

ጥቂት ከሆነ በውሃ ግፊት አራግፉ። ከበዛ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ። በሳምንቱ ድገሙት። ቅርፊት መሳይዋን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቃችሁ አውርዷት። አበባ ላይ ባለበት ጊዜ ምንም ዓይነት የፋብሪካ ፀረ ተባይ አትርጩ። ንቦቹ እዚያው ናቸው፤ ፍሬውንም ሰው ይበላዋል።

ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ የሚረግፍ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተባይ አይደለም፣ የውሃ ብዛት ነው። ማጠጣቱን አቁማችሁ አፈሩ ሲደርቅ እዩት።

ፍሬው

የሚለቀመው ጥቁሩ ብቻ ነው። ቀዩ ያምራል፤ ግን ኮምጣጣና ነጭ ወተት የበዛበት ነው፣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ለልጆች በቀላሉ የሚነገረው ሕግ «ጠቁሮ ካልለሰለሰ አይነካም» ነው። ከዚያ በፊት ግን እሾህ የሌለውን ተክል ፍሬ ፈጽሞ እንዳይነኩ አስተምሯቸው፤ መረንዝ በአካባቢው ሊኖር ይችላልና።

በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ጠምዘዝ ብታደርጉት የበሰለው በቀላሉ ይለቃል። እምቢ ካለ ነገ ይመለሱበት። በአንድ ጊዜ ሁሉም አይበስልም፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መዞር ያስፈልጋል። የተለቀመው ብዙ አይቆይም፣ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይበላ። ከተረፈ እጠቡት፣ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ ቀቅሉት፣ በወንፊት ዘሩን ለዩና በክብደቱ ግማሽ ያህል ስኳር ጨምራችሁ እሳት ላይ እስኪወፍር አማስሉት። ቀለሙ ጥቁር ቀይ የሆነ ማርማላታ ይወጣችኋል። ዘሩን አትጣሉት የምል እንዳይመስላችሁ፤ የተቀቀለ ዘር አይበቅልም። ለዘር የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ለዩ።

ተወዳዳሪዎቻችሁ ወፎችና ጦጣዎች ናቸው። አሞራ ገደልና ሐይቁ ዳር አካባቢ ያሉ ግቢዎች ጦጣን መከላከል አይችሉም፤ አጥር ይዘላሉ፣ እሾሁም ብዙ አያግዳቸውም። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ጥቂት ዘለላዎችን በቀጭን የመስኮት መረብ ከረጢት ሸፍናችሁ እሰሩ። እነሱ ለእናንተ ይሁኑ፤ የቀረውን ተዉላቸው። ወፎች የሚበትኑት ዘር አጥር ጥግ ላይ ሲበቅል ታገኙታላችሁ። ለጋ እያለ ክረምት ላይ ከነአፈሩ በአካፋ አንሥታችሁ ላስቲክ ውስጥ ብታዛውሩት ለጎረቤት የሚሆን ችግኝ ነው።